የቀኝ ዓይኗን መልሱ

የአትጠገብን መሞት የሰማሁት በስልክ ነው። ፊቷን ያጣሁት ግን ቡሬ፣ ቀብሯ ላይ ነው።

ከፍኖተ ሰላም በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ስደርስ አስከሬኑ ከቤት እየወጣ ነበር። ከፊት አንዲት ዘመዷ ፍሬም የገባ ትልቅ ፎቶግራፍ በደረቷ ይዛ ትራመዳለች፤ ሴቶቹ ፎቶውን እያዩ ያለቅሳሉ። እኔም ቀና ብዬ አየሁትና ሊወርድ የነበረው እንባዬ ተመለሰ። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ሁለት ዓይን አላት። ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው። ሁለቱም ቁርጥ አንድ ናቸው፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ጥላ ይመስላል።

አትጠገብ እንዲህ አልነበረችም። ቀኝ ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ የጠፋ፣ ነጭ ብልዝ የለበሰ ነበር። አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ደኅናውን ዓይኗን ቀድቶ፣ ገልብጦ፣ በታመመው ላይ ለጥፎበታል። በዚህ ሥራ አጠገብ ዕድሜዬን ስለፈጀሁ አልተሸወድኩም።

ቤተ ክርስቲያን ደርሰን የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ ደግሞ እንዲህ የሚል ሰማሁ፦ «በገዛ ፈቃዷ ሥራዋን እስከለቀቀችበት ጊዜ ድረስ በትጋት አገልግላለች።» ያነበበው ዘመዷ በደል የለበትም፤ የተሰጠውን ነው ያነበበው። እኔ ግን ከሥራዋ የተነሣች ዕለት እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ሐዘን በዝምታ ይቻላል።

እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በጽሕፈት መኪና የተቀጠርኩ፣ ኮምፒውተር ሲመጣም እሱኑ የለመድኩ ሰው ነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ብጠራው ለማንም አይጠቅምም፣ የሕትመት ክፍል የምንለው ጠባብ ክፍል ነበረን። ለገበሬው የሚበተነው ፖስተር፣ ለሞዴል አርሶ አደር የሚሰጠው የምስክር ወረቀት፣ ለበዓል የሚወጣው መጽሔት ሁሉ የሚሰናዳው እዚያ ነው። እኔ እተይባለሁ። ገጹን የሚያቀናጅ፣ ፎቶውን የሚያሳምር ባለሙያ ግን አልነበረንም። አትጠገብ ለዚያ ተቀጥራ መጣች።

የመጣች ዕለት በሩ ላይ ቆማ፣ አንገቷን ወደ ቀኝ ሰበር አድርጋ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የደጋ ሰው ናት፤ አገሯ ፈረስ ቤት ነው። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ እጅ ነሣች።

«እትዬ የሺ ማለት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እንግዲያስ በግራዬ በኩል ይቀመጡልኝ። በቀኜ የሚመጣ ሰው ድምፁን ካላስቀደመ እደነግጣለሁ። ስደነግጥ ደግሞ አፌ ክፉ ነው።»

ክፉ መሆኑን ብዙ ሳንቆይ አየነው። አትጠገብ ገራም ሴት አልነበረችም። ቁጣዋ ቶሎ ይመጣል፤ ስትቆጣ ግን አትጮህም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በእርስዎና በጋሼ አክብራ፣ ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ የሚያመው ነገር ትናገራለች።

የጠፋው ዓይኗ ያለማቋረጥ ያነባ ነበር። እጅጌዋ ውስጥ ከምትሸጉጠው ጨርቅ ጋር አንድም ቀን ተለይታ አላየኋትም። እንግዳ ሰው የምታለቅስ እየመሰለው «ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት፣ «የዚህ ዓይን ሥራው ማልቀስ ነው። የሚያየው ያኛው ነው» ትላለች።

እንዴት እንደጠፋ አንድ ጊዜ ብቻ ነገረችኝ። የዓይን ማዝ ነው። በሽታው ሽፋሽፍቷን ወደ ውስጥ ቀልብሶት፣ ፀጉሩ ዓይኗን እየፋቀ አቆሰለው። ለሕክምና የሚወስዳት አልነበረም። እናቷ ደጅ ላይ ፀሐይ አስቀምጠው፣ ጭንቅላቷን በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ ፀጉሩን አንድ በአንድ በወረንጦ ይነቅሉላታል። «አታልቅሽ ልጄ፤ እንባሽ ወረንጦውን ያሟልጭብኛል» ይሏታል። እሷም እንባዋን ትውጣለች። ሲጨርሱ ዓይኗን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉላታል። ግራው ዳነ፤ ቀኙ አልዳነም።

«እናቴ እስከ ዛሬ ስታየኝ መጀመሪያ የምትነካው እሱን ነው» አለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

አሁን ስለ ኮምፒውተሩ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። የዲዛይኑ ፕሮግራም ሲከፈት ዕቃዎቹ በስክሪኑ ላይ በየቦታቸው ተደርድረው ይወጣሉ። በግራ በኩል ማስመሪያና መቁረጫው በአንድ ቀጭን ዓምድ ይቆማል። ዋና ዋናዎቹ ሳጥኖች ግን፣ የቀለሙ፣ የፊደሉ፣ ሥዕል በሥዕል ላይ የሚደረብበት፣ ሁሉም በቀኝ ዳር ይሰለፋሉ። ሁለት ዓይን ላለው ሰው ይህ ምንም አይደለም። አትጠገብ ግን አንዲት ቀለም ለመምረጥ አንገቷን ሙሉ በሙሉ ማዞር ነበረባት። ስትመለስ ደግሞ የያዘችው መስመር የት እንዳለ ትፈልጋለች።

እያንዳንዱን ሳጥን ከአናቱ ይዞ መጎተት ይቻላል። እሷም ሁሉንም ጎትታ ወደ ግራ አመጣቻቸው። እንደ ቤቷ መደርደሪያ አንዱን ከአንዱ በታች አደረገቻቸው። «ዕቃ የሚፈልግ ዓይን ሥራ አይሠራም» ትል ነበር። ፕሮግራሙ እንዲህ ያለውን አቀማመጥ በስም ያስቀምጣል። የሷንም «አትጠገብ» ብላ አስቀመጠችው።

ኮምፒውተሩን በየተራ ስለምንጠቀምበት መጀመሪያ አጉረምርመን ነበር። አስጠግታ አሳየችን። ከላይ ካለው ዝርዝር ውስጥ «ሪሴት» የምትለዋን ሲጫኑ ሁሉም ሳጥን ወደ ፋብሪካው ቦታ ይሄዳል። የሷን ስም ሲጫኑ ሁሉም ወደ ግራ ይመለሳል።

«እንደ ወፍጮ ቤት ነው» አለችን። «ወፍጮው አንድ ነው፤ ለጤፍም ለበቆሎም እየተስተካከለ ይፈጫል። በቆሎ የሚያስፈጭ ሰው ጤፍ የያዘችውን ሂጂ አይላትም።»

ከዚያ በኋላ ያጉረመረመ ሰው የለም። እሷም ወንበሩን ለሌላ ስትለቅ «ሪሴት» ሳታደርግ ተነሥታ አታውቅም።

በሥራዋ አንድ የማትነካው ነገር ነበር፤ የሰው ፊት። ብርሃኑን ታስተካክላለች፤ የደበዘዘውን ታጠራለች። «አቅዪኝ»፣ «ጠባሳዬን አጥፊልኝ» የሚላትን ግን እምቢ ትላለች። አንድ ጊዜ ከደምበጫ አካባቢ የመጣ ሞዴል አርሶ አደር ፎቶ መጽሔቱ ሽፋን ላይ ሊወጣ ሆነ። ሰውየው እንቅርት ነበረበት። በጊዜው የነበረው ኃላፊ መጥቶ፣

«እንቅርቱን አጥፊለት፤ ለእሱም ክብር ነው» አላት።

«ማሳውን ያረሰው ከነእንቅርቱ ነው ጋሼ። አጥፊው ካለኝ ራሱ ይበለኝ።»

እንዳለ ታተመ። አርሶ አደሩ ሊቀበል መጥቶ መጽሔቱን ከፊቱ አራቅ፣ ቀረብ እያደረገ አየውና ሳቀ።

«እኔው ነኝ» አለ። «ባለፈው አንዱ ከተማ ወስዶ እንቅርቴን አስጠፍቶ ያሳጠበልኝን ፎቶ ሚስቴ አይታ፣ ይኼ ሰውዬ ለምን ቤታችን ተሰቀለ ብላኛለች።»

አትጠገብ ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች። ስትደሰት ብዙ አላየኋትም፤ ስለዚህ አስታውሳለሁ።

ከዚያ ቢፒአር የሚባለው ለውጥ መጣ። በዚያ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ያልተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የክፍሉ ስም፣ የወንበሩ አቀማመጥ፣ የኃላፊው መጠሪያ። የእኛም አለቃ «የሥራ ሂደት መሪ» ተብሎ ተሾመ። አቶ ጌታነህ ይባላል። ትሑት ሰው ነው። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም። ባለጌ ቢሆን ኖሮ እንጣላው ነበር።

አንድ ቀን ከአትጠገብ ኋላ ቆሞ ስክሪኑን ብዙ አየ።

«ይኼ ለምን ተዘበራረቀ?»

«አልተዘበራረቀም ጋሼ። ለኔ የተሰደረ ነው።»

«ማሽኑ የመሥሪያ ቤቱ ነው አትጠገብ። ነገ አንቺ ብትታመሚ ሌላው ተቀምጦ መቀጠል አለበት። አሠራራችን ወጥ መሆን አለበት።»

«ይቀመጥ። ይቺን አንዴ ሲጫን ወደ ድሮው ይሄዳል። እኔ ስመለስ ስሜን እጫናለሁ። ማን ተጎዳ?»

«የጉዳት ጉዳይ አይደለም። ለአንድ ሰው ከፈቀድን ሌላውም ይጠይቃል።»

«ይጠይቃ። የሱንም ስም እንጽፍለታለን።»

ፈገግ አለ። «ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች እንዲሁ አላስቀመጡትም። አስበውበት ነው።»

«አስበው ይሆናል» አለች። «እኔን ግን አላሰቡኝም።»

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት ስሟ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሳጥኖቹ ሁሉ በቀኝ ተሰልፈዋል። አቶ ጌታነህ በበሩ ሲያልፍ አንገቱን አስገብቶ፣

«ወደ ቦታው መልሼልሻለሁ» አላት፤ መልካም የሠራ ሰው በሚናገርበት ድምፅ።

«የማን ቦታ?» አለች። እሱ ግን አልፎ ሄዷል።

መልሳ ጎተተቻቸው። መልሳ በስሟ አስቀመጠች። በማግስቱም ጠፍቶ አገኘችው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሥራዋ ዕቃዋን ወደ ግራ ማጋዝ ሆነ። ማታ እሱ ይመልሳል፤ ጠዋት እሷ ታመጣለች። ሌሎቻችን ልንስቅ ብንሞክርም አልሆነልንም። «ወጥ አሠራር ያሉኝ ዕለት ጨውና በርበሬው ለኔ እንደማይደርስ ገብቶኝ ነበር» ብላ ራሷ ቀለደች። ጨርቁን ከእጅጌዋ የምታወጣው ግን ከድሮው እየበዛ ሄደ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው። የጠየቀችው ነገር ወጪ አልነበረውም። አዲስ ማሽን አልጠየቀችም፤ ረዳት አልጠየቀችም። ስሟ ከሌሎቹ በታች በአንድ መስመር ተጽፎ እንዲቆይ ነው የጠየቀችው።

ቀጥሎ ድልድሉ መጣ። ዓመታት በተቀመጥንበት ወንበር ላይ እንደ አዲስ ተፈታኝ ሆንን። እኔ በትየባ፣ አትጠገብ በገጽ ቅንብር ልንመዘን በአንድ ክፍል ተቀመጥን። ለእሷ የተሰጣት ፈተና ዓርማና የጌጥ ሐረግ ያለበት አንድ የምስክር ወረቀት አቀናጅቶ ማስረከብ ነው። በእንቅልፏ የምትሠራው ነገር ነው። ያንን ካለፈች ወንበሯ የሷ ነው፤ ካላለፈች ወደተመደበችበት ትሄዳለች።

ሰዓቱ እንደ ጀመረ ሳጥኖቿን ወደ ግራ ጎተተች። ፈታኙ አቶ ጌታነህ ነበር። በወንበሮቹ መካከል ሲዘዋወር፣ በቀኟ በኩል፣ ድምፁን ሳያስቀድም መጣ። ደነገጠች።

«ተበላሽቶብሻል፤ ቆይ ላስተካክልልሽ» አላትና በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ ማውሱን ከእጇ ወስዶ «ሪሴት» አደረገው። ሁሉም ወደ ቀኝ ሄደ።

እንደገና ጎተተቻቸው። ሐረጉን ስባ፣ ዓርማውን አስቀምጣ ፊደል መምረጥ ስትጀምር ተመልሶ መጣ። አሁንም ፈገግ ብሎ፣ አሁንም ጎንበስ ብሎ፣ አሁንም መለሰው። እኔ አላስቻለኝም።

«አቶ ጌታነህ፣ ይተዋት እንጂ። እሷ እንደሚመቻት ነው ያደረገችው።»

«እትዬ የሺ፣ የራስዎን ይሥሩ። ለሁሉም እኩል መሆን አለበት» አለኝ በትሕትና።

አትጠገብ እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። ጨርቋን አውጥታ ቀኝ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ተነሥታ ቆመች፤ ከሱ ትረዝም ነበር። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ቢሆንም መተየቡን ያቆመው ተፈታኝ ሁሉ ሰምቷታል።

«ጋሼ፣ እንግዲያስ እግረ መንገድዎን ዓይኔንም አንድ ጊዜ ጠቅ አድርገው ወደ መጀመሪያው ይመልሱልኝ። ያን ጊዜ እኩል እንሆናለን።»

አቶ ጌታነህ ጆሮው ቀላ። እሷ ነጠላዋን ከወንበሩ ጀርባ አንሥታ ወጣች።

ድልድሉ ሲለጠፍ አትጠገብ መዝገብ ቤት፣ ፋይል አቀባይ ተብላ ተመደበች። በስሟ ትይዩ «መሣሪያውን በአግባቡ አልተጠቀመችም» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ዕቃዋን ልትወስድ ስትመጣ ከመሳቢያዋ ያወጣችው አንድ ስኒና አንድ መሐረብ ነው።

«እትዬ፣ ፋይል ማቀበሉ አልከበደኝም» አለችኝ። «የከበደኝ፣ አስተካከልኩልሽ እያሉ ሲያፈርሱኝ እግዜር ይስጥልኝ ማለቱ ነው።»

በገዛ ፈቃዷ የተባለው ይህ ነው።

ሥራዋን ትታ ወደ ቡሬ ሄደች። ታናሽ ወንድሟ አዱኛ እዚያ በቆሎ ይነግዳል። መናኸሪያው አጠገብ ከጨርቅ ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደች ሐዋ የምትባል ሴት ባዶ ሱቅ ነበራት፤ ሁለቱ ተጋርተው የሠርግ ካርድና የባነር ሥራ ጀመሩ። ሐዋ ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው አልነበረም። አትጠገብ አስተማረቻት። በጎበኘኋቸው ቁጥር ሲጨቃጨቁ ነው የማገኛቸው።

«ይቺ ጓደኛሽ ደንበኛ ታባርርብኛለች እትዬ» ትለኛለች ሐዋ። «ሙሽራዋ ፊቴን አለስልሽልኝ ብትላት፣ ባልሽ አይቶሽ አይደለም ወይ የሚያገባሽ አለቻት።»

«ዋሸሁ?» ትላለች አትጠገብ ከስክሪኑ ሳትዞር። «ካርዱን አይቶ ሌላ ሴት ቢጠብቅስ?»

እዚያ ሱቅ ውስጥ ስሟን የሚሰርዝ አልነበረም። የሚያነባው ዓይኗ ያው ነው፤ አንገቷ ግን ቀና ብሎ አየሁት። በአጭር ሕመም ሞተች።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ያንን ፎቶ አምጥተው ወንበር ላይ አቆሙት። አዱኛ እጄን ሊያስታጥበኝ መጣ። ጣሳውን እንደያዘ ጠየቅሁት።

«ፎቶውን ማን ሠራው?»

«ሐዋ ናት። አላማረም እትዬ?»

«ዓይኗን እንዲህ አድርጊ ያላት ማን ነው?»

ዝቅ ብሎ አየ። «እኔ ነኝ። ዕድሜዋን ሁሉ ሲጠቋቆሙባት ኖረች። አሁን እንኳ ይስተካከልላት ብዬ ነው።»

«አልተስተካከለችም ያለህ ማን ነው?»

«እትዬ፣ አይቆጡኝ። ለደግ ነው።»

«ያኔም ለደግ ነው ብለው ነበር» አልኩት። እሱ የቱን እንደምል አላወቀም። ለአርባዋ የሚበተነው ካርድም በዚሁ ፎቶ ሊታተም መሆኑን ነገረኝ። ሰው ሁሉ ቤቱ ይዞት የሚገባው፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ የሚያስቀምጠው ይህን ፊት ነው ማለት ነው። የኖረችበትን ፊት የሚያውቁት ሰዎች ካለፉ በኋላ የሚቀረው ይኼ የተለጠፈው ነው።

እናቷ ከፈረስ ቤት መጥተው ከፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፤ የሳቸውም ዓይን ደክሟል። ፎቶውን እንዲያቀርቡላቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። አዱኛ አቀረበላቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። አውራ ጣታቸውን ወደ ቀኝ ዓይኑ ወስደው ከመንካታቸው በፊት መለሱት።

«ይቺ ማን ናት?» አሉ።

«እማ፣ አትጠገብ ናት እኮ።»

«ኧረ አይደለችም። ልጄ በሁለት ዓይን አይታኝ አታውቅም።»

አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች ሐዘኑ አእምሯቸውን የነካው መስሏቸው ደግፈው ያዟቸው። አዱኛም እንዲሁ መሰለው። እኔ ተነሣሁና ወደ ሐዋ ሄድኩ።

ሐዋ ሱቁን ዘግታ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗ አብጧል። ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ሳልናገር አወቀች።

«አይቆጡ እትዬ። ወንድሟ ለምኖኝ ነው። እምቢ ልለው አቃተኝ።»

«አልቆጣም» አልኩ፤ ተቆጥቼ ነበር። «ክፈቺውና አሳዪኝ።»

ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ፕሮግራሙ ሲወጣ ቀለሙ፣ ፊደሉ፣ ድርቡ ሁሉ በግራ በኩል፣ አንዱ ከአንዱ በታች ተሰድሯል። ቀኙ ባዶ ነው። ትኩር ብዬ ስመለከት ሐዋ ግራ ገባት።

«ምን አዩ?»

«ሁለት ዓይን እያለሽ ዕቃውን ለምን ወደ ግራ አመጣሽው?»

«ማን አመጣው? እንዲህ አይደለም እንዴ የሚወጣው?»

ነገርኳት። የፋብሪካው አቀማመጥ በቀኝ እንደሆነ፣ አትጠገብ በዚህ ምክንያት ከወንበሯ እንደተነሣች ነገርኳት። ሐዋ የሰማችው ያን ዕለት ነው። አትጠገብ ለካ አልነገረቻትም።

«እኔ የዓለሙ ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር» አለች። «እሷ ስታስተምረኝ እንዲህ ነው። አሁን በቀኝ አምጪው ቢሉኝ ዕቃዬን አላገኘውም።»

ከዚያ ፎቶውን ከፈተችው። ሁለቱ ዓይኖች ከስክሪኑ አዩን። ሐዋ ማውሱን ወደ ግራ፣ ወደ ድርቡ ሳጥን ወሰደችው።

«ከሥር ያለውን አልነካሁትም እትዬ። ፊት አይነካም ስትለኝ ስለኖረች እጄ እምቢ አለኝ። ከላይ ነው የደረብኩበት።»

እዚያ ሳጥን ውስጥ በእያንዳንዱ ድርብ አጠገብ አንዲት ትንሽ የዓይን ሥዕል አለች፤ እሷን ሲጫኗት ያ ድርብ ይሰወራል። ሐዋ ተጫነቻት። የተለጠፈው ጠፋ። ከሥሩ ብልዝ የለበሰው፣ ጠርዙ እርጥብ የሆነው ዓይን ወጣ። ሐዋ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ የስክሪኑን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ።

«ለአርባው በዚህ ይታተም» አልኳት።

«አዱኛስ?»

«አዱኛን ለኔ ተዪው። እናቱ ልጃቸውን ጠይቀዋል።»

ከካርዱ ጀርባ ያ ቀብር ላይ የተነበበው ጽሑፍ ገብቶ ነበር። «በገዛ ፈቃዷ» የሚለውን እኔው ራሴ ተቀምጬ ሰረዝኩት። ለዚህ ማንንም አላስፈቀድኩም።

አዱኛ ካርዱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። እስከ አርባው ድረስ ሰላምታ ነፈገኝ። እኔም አላባበልኩትም። እህቱን ይወዳታል፤ አቶ ጌታነህም ክፉ አልተመኘላትም ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲበዙ አንድ ሰው የራሱን ፊት ይዞ መቀበር እንኳ ያቅተዋል።

የአርባው ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ካርዱ ታደለ። ሐዋ ውጭ ቆማ ጠብቃ፣ ቤት ስንገባ ከእናቲቱ አጠገብ ተቀመጠች። አዱኛ ለእናቱ አንድ ካርድ ሰጥቶ፣ የሚሉትን ለመስማት ይሁን አላውቅም፣ እዚያው ቆመ።

እሳቸው ካርዱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። የነጠላቸውን ጫፍ ፈልገው ያዙና፣ በአውራ ጣታቸው ጠቅልለው፣ የልጃቸውን ቀኝ ዓይን ቀስ አድርገው ጠረጉላት።